ልጄ መጸለይ አቆመ፤ «ዝም ካልኩ እግዚአብሔር ይረሳዋል» ይለኛል

የከዚራዋ እናት
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:20

ሰላም ለዚህ ቤት። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

የምንኖረው ድሬዳዋ ነው። ልጄ ስምንት ዓመቱ ነው። ባለፈው ሳምንት ከአባቱ ሱሪ ኪስ ሁለት መቶ ብር ወሰደ። ከጓደኞቹ ጋር ፕሌይስቴሽን ቤት ሄደው ተጫወቱበት፣ በተረፈው ሙሸበክ በሉበት። ብሩ ሲፈለግ «ወላሂ አላየሁም» አለ። (የድሬ ልጅ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም መሐላው አንድ ነው፤ የምታውቁ ታውቃላችሁ።) አማቴ አብረውን ነው የሚኖሩት። እሳቸው ወዲያው ቤት የምትሠራልንን ልጅ ጠረጠሩ። ፊት ለፊትም ተናገሯት። ልጅቷ ስታለቅስ ዋለች። ልጄ ይሄን ሁሉ ቁጭ ብሎ አየ፤ ትንፍሽ አላለም።

በኋላ የጎረቤት ልጅ ጉዱን አወጣው። አባቱ ተቆጣው፣ ቀጣው፣ ነገሩ በዚያ ያበቃ መሰለን።

እሁድ ከሰንበት ትምህርት ሲመለስ ግን ፊቱ ልክ አልነበረም። ስለ ስርቆት ተምረው ነበር። የሌባ እጅ በገሃነም እሳት ሲቃጠል የሚያሳይ ሥዕል አሳይተዋቸዋል። ማታ «አባታችን ሆይ» ስንል አፉን ገጥሞ ቆመ። ለምን እንደማይጸልይ ስጠይቀው እንዲህ አለኝ፦ «ዝም ካልኩ ይረሳዋል። ከጸለይኩ ግን እዚህ መኖሬን ያውቃል።»

በዚህ ሙቀት አንሶላውን እስከ ራሱ ተከናንቦ ነው የሚተኛው።

እንዴት ብዬ ላስረዳው? ኃጢአት ቀላል ነገር ነው ብዬ እንዳላሳልፈው እፈራለሁ። እንዲህ ሆኖ ሳየው ደግሞ አንጀቴ አይችልም።

አቦ_ነው
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:41

አቦ እህቴ፣ ልጅሽ የዋህ ነው። እኔ በሱ ዕድሜ ከሰረቅኩ በኋላ ይበልጥ ነበር የምጸልየው። እንዳልያዝ።

የሳቢያን አባት
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:05

እህቴ፣ ልጁ መፍራቱ ምን ክፋት አለው? ፈጣሪውን ፈራ እንጂ ጅብ አልፈራም። «የእግዚአብሔር ፍርሃት የጥበብ መጀመሪያ ነው» ይላል መጽሐፉ። አባቶቻችን «በእንቁላሉ በቀጣሽኝ» የሚሉት ለዚህ ነው። ያ ሰውዬ እንቁላል ሰርቆ ሲመጣ እናቱ ዝም አለችው፣ በሬ ሰርቆ መስቀያው ላይ ሲቆም ነው እናቱን የወቀሳት።

የዛሬ ወላጅ «ኃጢአት» የምትለዋን ቃል ከአፉ ማውጣት ፈርቷል። «ስህተት ነው ማሙሽ» ነው የሚለው። ሰባት ሲደመር ስምንትን አሥራ አራት ያለ ልጅም ተሳስቷል። ሌላ ሰው በሱ ፈንታ ስትሰደብ ዝም ብሎ ያየ ልጅ ግን በድሏል። ልዩነቱን ካሁኑ ይወቅ።

መምህር ዘሰንበት
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:50

በዚህ በመጨረሻው ከሳቢያን አባት ጋር እስማማለሁ። ነገር ግን ልጁ አሁን የያዘው ፍርሃት መጽሐፉ የሚያመሰግነው ዓይነት አይደለም። የሚያስደብቅ ፍርሃት ነው።

እህቴ፣ ልጅሽ ያለው ነገር መጽሐፍ ቅዱስ ሲከፈት ገና ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ አለ። አዳም በላ፣ ፈራ፣ ዛፍ መሀል ገብቶ ተደበቀ። እግዚአብሔር ሲመጣ መጀመሪያ ያለው ምንድን ነው? «ወዴት ነህ?» (ዘፍ. 3፥9)። የት እንዳለ ጠፍቶት አይደለም፣ እንዲወጣ ነው የጠራው። ይሄን ታሪክ ስንማር ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። አዳም «እሷ ሰጠችኝ»፣ ሔዋን «እባብ አሳተኝ»። ወንድምና እህት ያለው ልጅ ሁሉ ይሄን ንግግር ቤቱ ሰምቶታል።

ብዙ ጊዜ የምንዘለው ቁጥር ግን ወረድ ብሎ ይገኛል። እግዚአብሔር ከገነት ሳያስወጣቸው በፊት የቁርበት ልብስ አድርጎ አለበሳቸው (3፥21)። ቅጣቱ አልቀረም፤ ወጥተዋል። ራቁታቸውን ግን አልሰደዳቸውም። የስምንት ዓመት ልጅ ሁለቱንም አንድ ላይ መስማት ይችላል። እኛ ነን አንዱን ብቻ የምንነግረው። ወይ እሳቱን ብቻ፣ ወይ «እግዚአብሔር ይወድሃል» ብቻ።

የእኔ እምነት ይሄ ነው፦ ልጅ የኃጢአትን ክብደት ከማወቁ በፊት ወይም ቢያንስ እኩል፣ መመለሻውን ማወቅ አለበት። መመለሻ የሌለው ክብደት ካሸከምነው ሁለት ነገር ያደርጋል። ይደበቃል ወይ ይለምደዋል።

አንድ ነገር ልሞክር ካልሽ የናታንን ታሪክ ንገሪው (2ኛ ሳሙኤል 12)። ነቢዩ ዳዊት ጋ ሲገባ «አንተ ኃጢአተኛ» ብሎ አልጀመረም። የአንድ ድሃ ሰው በግ ታሪክ ነገረው። አንዲት በግ፣ ከሱ እንጀራ የምትበላ፣ በጉያው የምትተኛ። ሀብታሙ እሷን ወስዶ ለእንግዳው አረዳት። ዳዊት ሲሰማ ቱግ አለ፣ ሞት ይገባዋል አለ። ናታን ያኔ ነው «ያ ሰው አንተ ነህ» ያለው። ልብ በይ፣ ዳዊት ራሱ በገዛ አፉ ከፈረደ በኋላ ነው። ልጅሽም ስለ በጉዋ ይናደድ። አትቸኩዪ፣ «አንተም እኮ» አትበይው። ጠብቂው።

ደግሞም የእርቁ ነገር ከቤታችሁ ሠራተኛ ይጀምራል እንጂ ከሰማይ አይጀምርም። «መባህን ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ» የተባለው ለዚህ ነው (ማቴ. 5፥24)።

ጎረቤት ነኝ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 5:02

ሙስሊም ነኝ፣ ገጹን የማነበው ባለቤቴ ሳትሆን እኔ ነኝ 😄። ስለ ወላሂው አፉ በሉኝ፣ የኛዎቹም ልጆች አቅልለውታል፤ እኛ ዘንድ ግን መሐላ ቀላል አይደለም። መምህሩ ያሉት ነገር በኛም አለ። የሰው ሐቅ ባለቤቱ ይቅር ካላለ እንዲሁ አይወርድም። ልጅቷን ያስቀድም።

የሳቢያን አባት
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:15

መምህር፣ ናታን እኮ በዚያው አፉ «ሰይፍ ከቤትህ አይርቅም» ብሎታል። ያንን ለምን ይተዉታል?

መምህር ዘሰንበት
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:40

አልተውኩትም። ዳዊት «እግዚአብሔርን በድያለሁ» ሲል ናታን ወዲያው «እግዚአብሔር ደግሞ ኃጢአትህን አርቆልሃል» አለው። ምሕረቱ ደረሰ፣ መዘዙም ተከተለ። ሁለቱም አለ። ልጁ ይቅር ተብሎ ሁለት መቶ ብሩን ደግሞ ሊከፍል ይችላል።

አቦ_ነው
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:52

ዘኬዎስ አራት እጥፍ ነው የመለሰው። አራት እጥፍ ስምንት መቶ ብር ነው። ለልጁ ባንክ ብድር ይፈቀድለት።

ደቻቱ ዳር
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:30

ሥራ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም።

በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ሲመጣ እኔ ልጅ ነበርኩ። ከሁለት መቶ በላይ ሰው ነው የሞተው። እኛ ቤት ውሃው ደፍ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ሰፈራችን ከለቅሶ ሳይወጣ አንድ ትልቅ ሰው «የሰዉ ኃጢአት ነው ያመጣው» ሲሉ ሰማሁ። ለማን እንደተናገሩት አላውቅም። እኔ ግን ከጎርፉ በፊት በነበረው ቀን ለእናቴ ዋሽቼ ነበር። የቤት ሥራ ሠርቻለሁ ብዬ።

የቀረውን ታውቁታላችሁ። ያ ሁሉ ሰው በኔ የሞተ መስሎኝ አደግኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ለካህንም አልተናገርኩም፤ እንዲህ ያለ ነገር ይቅር ይባላል ብዬ አላሰብኩማ።

ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ነው ሉቃስ 13ን በትክክል ያነበብኩት። የሰሊሆም ግንብ ወድቆ አሥራ ስምንት ሰው ገደለ። ጌታ «በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ ኃጢአተኞች ይመስሉአችኋልን? አይደለም» አለ። «አይደለም» የምትለዋን ደጋግሜ አነበብኳት።

ለልጆቻችሁ ስለ ኃጢአት ስታስተምሩ ይሄን ጨምሩበት። ጎርፍ ሲመጣ፣ አያት ሲሞት፣ አባት ሥራ ሲያጣ «እግዚአብሔር ስለተቆጣ ነው» አትበሉ። ልጅ የትኛው ኃጢአት እንደሆነ ይፈልጋል። ሲፈልግ ደግሞ የራሱን ነው የሚያገኘው።

የሳቢያን አባት
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:10

እህቴ፣ ስለ ጎርፉ እግዚአብሔር ያጽናሽ። እኛም ሰው ቀብረናል። ጌታ ግን እዚያው ላይ «ንስሐ ባትገቡ ሁላችሁ እንዲሁ ትጠፋላችሁ» ማለቱንም ጨምሪበት።

ደቻቱ ዳር
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:25

እጨምራለሁ። ለቆሙት ነው የተናገረው። በሞቱት ላይ አልፈረደም፣ በአሥር ዓመት ልጅም ላይ አላሳበበም።

ገንደ ቆሬ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:00

እኔ ጴንጤ ነኝ፣ የልጆች አገልግሎት ውስጥ አለሁ። የእኛን ጉድ ልንገራችሁ። በየእሁዱ መጨረሻ ላይ «ጌታን መቀበል የሚፈልግ እጁን ያንሳ» እንላለን። አንድ ልጅ አለ፣ በየሳምንቱ ያነሳል። አንድ ቀን ለብቻው ጠየቅኩት። «በሳምንቱ መሀል እህቴን ስለምመታት ይፋቃል» አለኝ። የሚፋቅ መስሎታል! በየሳምንቱ እንደ አዲስ እየጀመረ ነበር።

ለሱ የነገርኩት የዮሐንስ 13ን ነው። ጴጥሮስ «እጄንና ራሴንም እንጂ እግሬን ብቻ አይደለም» ሲል ጌታ «የታጠበ እግሩን ከመታጠብ በቀር ሌላ አያስፈልገውም» አለው። ልጁን «አንተ የጌታ ነህ። እህትህን ስትመታ እግርህ ቆሸሸ። ሂድ እሷን ይቅርታ ጠይቅ፣ ለጌታም ንገረው» አልኩት። 1ኛ ዮሐንስ 1፥9ን በቃሉ ይዞታል አሁን። እጁን ማንሳት ተወ፣ እህቱን መምታት ግን አልተወም። እየተሻሻለ ነው ትላለች እናቱ።

በእኛ ዘንድ ኑዛዜው በቀጥታ ለእግዚአብሔር ነው፣ በደሉ የሰው ከሆነ ደግሞ ለሰውየው። ከኦርቶዶክስ ወንድሞቼ ጋር እዚህ ላይ እንለያያለን፤ ክርክር ለመክፈት አይደለም።

ከጁገል
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:35

ሐረር ነኝ፣ ካቶሊክ። በላቲኑ ሥርዓት ልጆች የመጀመሪያ ቁርባን ከመቀበላቸው በፊት ኑዛዜ ይገባሉ። እ.ኤ.አ. በ1910 ፒዮስ ዐሥረኛ ዕድሜው ሰባት ዓመት ገደማ እንዲሆን ከወሰኑ ወዲህ ነው እንዲህ የተለመደው። እኛን ሲያዘጋጁን መጀመሪያ ያስተማሩን ካህኑ የሰማውን ለማንም እንደማይናገር ነው። ለእናታችንም፣ ለፖሊስም። አንዱ ልጅ «ለጳጳሱስ?» ብሎ ጠየቀ። ለጳጳሱም።

ይሄ ለልጅ ትልቅ ነገር ነው። የሚታመን ትልቅ ሰው እንዳለ ያውቃል።

ቀዳሽ ዲያቆን
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:15

በእኛ በኦርቶዶክሶቹም ያው ነው። የንስሐ አባት የሰማውን አያወጣም።

የከዚራዋ እናት ስላልጠየቅሽኝ ነገር ልናገር ነውና ይቅርታ። እኛ ቤት አንድ ክፍተት አለ። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ተጠምቀው በዚያው ዕለት ይቆርባሉ። ከሰባት ዓመት በታች ያሉት ያለ ኑዛዜ ነው የሚቀበሉት። እሑድ ጠዋት ለመቁረብ የሚሰለፈውን ተመልከቱ፤ የታቀፉ ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው። መሀሉ የለም። ልጁ ሰባት ሞልቶት ኃጢአት ምን እንደሆነ ሲገባው፣ ንስሐ የሚያስፈልገው ሰዓት ሲደርስ፣ ወላጅ ዝም ብሎ ይዞት መምጣቱን ያቆማል። ማንም አልከለከለውም። ማንም ግን ከንስሐ አባቱ ጋር አላገናኘውም። በጉርምስናው ይርቃል። ከዚያ «ስሸመግል እቆርባለሁ» ይጀመራል።

የንስሐ አባት እኮ ለብዙ ቤት ጠበል ሲረጩና ጸሎት ሲያደርጉ ብቻ ነው የሚታዩት። ልጁ መስቀል ይሳለማል፣ ይሮጣል። ይባስ ብሎ «ቆይ ለአባ ባልነግርልህ» እያልን ማስፈራሪያ እናደርጋቸዋለን። እንደዚያ ያልናቸው ሰው ጋ ነው ደግሞ ዞረን «ሂድ ልብህን ክፈት» የምንለው።

ሌላው፣ ልጅ ብቻውን ከተተወ ኃጢአቱን አገላብጦ ነው የሚመዝነው። «በጾም ወተት ጠጣሁ» ብሎ ያለቅሳል፣ ታናሽ ወንድሙን ደረጃ ላይ ገፍትሮ መጣሉን አያነሳውም። ብርጭቆ ሳያውቅ መስበርን ከመዋሸት ጋር ያደባልቃል። እነዚህን ቀድሞ መለየት የወላጅ ሥራ ነው። ካህኑ ጋ ሲቀርብ የሚናዘዘው ምን እንደሆነ ይወቅ።

ቁልቢ በሉኝ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:30

ለምን ታስጨንቁታላችሁ? ለቁልቢ ገብርኤል ተሳዪለት፣ ታኅሣሥ 19 ይዘሽው ሂጂ። እኔ ልጄን እዚያ ነው ያስጠመቅኩት። ሁሉ ነገር ይስተካከላል።

ቀዳሽ ዲያቆን
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:38

መሄዱ መልካም ነው። ነገር ግን ስለት ሌላ፣ ንስሐ ሌላ ነው። ባለፈው አንድ ልጅ «ድንጋይ ተሸክሜ ቁልቢ ድረስ በእግሬ ብሄድ የሰረቅኩት ይቀርልኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። ሰዉ ድንጋይ ተሸክሞ ሲሄድ አይቷል፣ ዋጋ የሚከፈል መስሎታል። የሰረቅከውን መልስ፣ ለካህን ንገር፣ ከዚያ ከፈለግክ ቁልቢም ሂድ፣ ድንጋዩን ተወው አልኩት።

የከዚራዋ እናት
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4:10

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ረቡዕ ማታ የአዳምን ታሪክ ነገርኩት። «ወዴት ነህ» የምትለዋ ጋ ስደርስ አንሶላውን ከፊቱ ላይ አወረደ። «ታዲያ ያውቅ ነበር?» አለኝ። ያውቅ ነበር አልኩት። «ካወቀ ለምን ጠየቀው?» አለ። እንዲወጣ ነው አልኩት። ሌላ አልጨመርኩም።

ዛሬ ደግሞ የናታንን። በጉዋ ስትታረድ በጣም ተናደደ። «ሀብታሙ የራሱ በግ እያለው!» እያለ። መምህር እንዳሉት ዝም ብዬ ጠበቅሁ። እጄ አላርፍ ብሎኝ ልብስ ማጣጠፍ ጀመርኩ። በኋላ ቀስ ብሎ መጥቶ «እሷ አሁንም ታለቅሳለች?» አለኝ። በጉዋን አይደለም። ልጅቷን ነው።

አብረን ወጥ ቤት ገባን። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ «ብሩን እኔ ነኝ የወሰድኩት። ሲሰድቡሽ ዝም አልኩ። ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ። እሷ ሳቀች። ከዚያ ቢላዋውን አስቀምጣ አለቀሰች። «እኔ እኮ አውቅ ነበር። እጁን ኪስ ውስጥ ሲከት አይቼዋለሁ» አለችኝ። ለምን አልተናገርሽም ስላት፣ «ይመቱታል ብዬ» አለች።

ማታ ጸልዮአል። «በደላችንን ይቅር በለን» የምትለዋ ጋ ሲደርስ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ብሩንም ከሳንቲሙ በየሳምንቱ አሥር አሥር እየቀነሰ ለአባቱ ሊመልስ ተስማምቷል። (አቦ_ነው፣ አራት እጥፉን ምረነዋል።)

አሁን ያስቸገረኝ ሌላ ነው። ከመተኛቱ በፊት «አያቴስ? እሷም እኮ ያላደረገችውን አደረግሽ ብላታለች» አለኝ። ምን ልበለው? አማቴን «ሠራተኛዋን ይቅርታ ይጠይቁ» ልበላቸው?

አቦ_ነው
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4:18

ኧረ እህቴ፣ እዚህ ላይ ነው መጸለይ ያለብሽ።

መምህር ዘሰንበት
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4:45

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ለልጁ ስትዪ «አያትህ ልክ ናቸው» አትበዪው። ልክ እንዳልሆኑ አይቶታል። አክብሮት ማለት የትልቅ ሰው በደል ስም የለውም ማለት ከሆነ፣ እሱም ትልቅ እስኪሆን ይጠብቃል።

ስለ ጠፋው ልጅ ስናስተምርም የሚገጥመን ይሄው ነው። እኛ ታናሹ ላይ እናተኩራለን። ልጆቹ የሚጠይቁን ግን ስለ ታላቁ ነው። በደጅ የቆመው፣ አልገባም ያለው። አባትየው ለታናሹ ሮጠ፣ ለታላቁም ወጥቶ ለመነው። ታላቁ ገባ ወይ? ሉቃስ አይነግረንም። ልጆቹ በጣም ነው የሚናደዱት በዚህ።

የሳቢያን አባት
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 5:00

ልጁ ለሠራተኛዋ ያለውን አነበብኩት። ቅጣት ብቻውን እዚያ አያደርሰውም ነበር፣ እሺ። አያትየው ላይ ግን እጃችሁን አታስገቡ። የእናት ወግ አለ።

እማማ ለገሃሬ
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2:30

የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። ሁሉንም አንብባልኛለች።

ልጄ፣ እኔም አማት ነኝ። ምራቴ መጥታ «ይቅርታ ይጠይቁ» ብትለኝ፣ ልክ መሆኗን ባውቅ እንኳ እንቢ እላለሁ። ባልሽም አይናገራቸው። እናቱን በሚስቱ ፊት አሳጣ ይባላል። ልጁ ይንገራቸው። ክስ አድርጎ ሳይሆን የራሱን አድርጎ። «አያቴ፣ በሷ ላይ የተቆጣሽው በኔ ምክንያት ነው፣ እኔ ነኝ ያሳሳትኩሽ» ይበላቸው። ከልጅ ልጅ አፍ የሰማችውን አያት አትገፋም። ቡና ላይ ይሁን፣ ደግሞ ልጅቷ ባለችበት።

የንስሐ ልጅ ሆነሽ ከቤትሽ ሰው ተቀያይመሽ አትቆርቢም። አማትሽም ያውቁታል።

የከዚራዋ እናት
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2:50

እማማ፣ እድሜ ይስጥልኝ። ዛሬ ጾም ነው፣ ቡናው ከሰዓት በኋላ ነው የሚፈላው። እንሞክራለን።

ደቻቱ ዳር
ዓርብ፣ ከምሽቱ 1:30

ምን ሆነ? ሥራ መሥራት አቃተኝ እኮ።

የከዚራዋ እናት
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3:15

ትናንት አቦል ላይ ሊናገር ሲል ጎረቤት ገባች። ቶና ላይ አፈረ። በረካ ሲቀዳ እንደምንም አወጣው። እማማ እንዳሉት ብሎ ጀመረ፣ ከዚያ የራሱን ጨመረበት፦ «እኔ ጠይቄያታለሁ፣ አትቆጣም፣ አንቺም ጠይቂያት።»

ልጅቷ ጀበናውን ይዛ ደንግጣ ቆመች። አማቴ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ቆይ፣ እኔ መጀመሪያ አባን ላናግር» አሉ። ባለቤቴ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወጣ።

ልጄ ደግሞ «እኔም አብሬሽ ልሂድ» ብሏቸዋል። ዲያቆን፣ ዕድሜው ይፈቅዳል? እንዴት ነው የማዘጋጀው? ሳይጨነቅ።

ቀዳሽ ዲያቆን
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3:40

ስምንት ዓመት ይፈቅዳል። ቀድመሽ ለአባ ልጁ የመጀመሪያው መሆኑን ብቻ ንገሪያቸው፣ ምን እንዳደረገ አትንገሪያቸው። ያ የሱ ነው። ለልጁም የሚሆነውን ንገሪው፦ አጠገባቸው ይቆማል፣ ያጠፋውን ይናገራል፣ እሳቸው ይመክሩታል፣ ትንሽ ቀኖና ይሰጡታል። ለልጅ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ስግደትና አባታችን ሆይ ነው። ከዚያ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ብለው በመስቀላቸው ይባርኩታል። ከቻለ ከመዝሙር 50 «አቤቱ፣ ንጹሕ ልብን ፍጠርልኝ» የምትለዋን በቃሉ ይያዛት። ካልቻለ ግዴለም።

ወንበር ላይ ራቅ ብለሽ ጠብቂው። ሲወጣ ምን እንዳለ አትጠይቂው፣ አያትየውንም እንደዚያው። ቀኖናው ምን እንደሆነ ራሱ ከነገረሽ ግን አብረሽው ስገጂ።

በነገራችን ላይ ነገ ከቅዳሴ በኋላ አባ ብዙ ሰው ይጠብቃቸዋል። ዛሬ ከሰርክ ጸሎት በኋላ ብትሄዱ ይሻላል፤ ጸሐይዋም በረድ ትላለች።